ክቡር ይይዛል እና ተገፍታ የከነፈችው ታክሲ

ከቤታችሁ የመጥረጊያ እንጨት ጠፍቶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁን ሰው ታውቁታላችሁ። ስሙ ይለያይ ይሆናል፤ ሰፈሩም ይለያይ ይሆናል፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። በካርቶን ታሽጎ፣ ዋስትና ተሰጥቶት የሚሸጥ ዕቃ ሲያይ ፊቱ የሚጠቁር፣ የተሰበረ ጃንጥላ ሲያይ ግን «ይሄ እኮ ገና አልሞተም!» ብሎ ዓይኑ እንባ የሚያቀርር ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም የሁሉም ሰው መጥረጊያ በየቦታው የተቀመጠበት፣ የሚያሳዝን ሰፈር መሆን አለበት።

የእኛው ክቡር ይይዛል ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም እንዳልሆነ መቼም ይገባችኋል። ሙያው ፍሪጅ መጠገን ነው፤ ነፍሱ ግን ያለችው የሚሮጥ መኪና ፎቶ ማንሳት ላይ ነው። ልብ በሉ፣ የቆመ መኪና አላልኩም። «የቆመ መኪና ማለት እኮ ቁም ሣጥን ነው» ይላል በንቀት። እሱ የሚፈልገው ጎማው ሲሽከረከር፣ አስፋልቱ እንደ ውሃ ሲፈስ፣ ከመኪናው ጎን እየበረረ የሚሄድ ሰው ያነሳው የሚመስል ፎቶ ነው። ለዚህ ደግሞ ካሜራው መኪናው ላይ ታስሮ አብሮ መሄድ አለበት። ማሰሪያው ተሠርቶ ይሸጣል። ክቡርነታቸው ግን ከሱቅ አይገዙም፤ ከጎረቤት ነው የሚወስዱት።

አንዱን ነገር ሌላው ላይ ካሰረ በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይልና፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያየውና «ይይዛል!» ይላል። ይህቺን ቃል ተከትሎ ስንት ነገር ከስንት ቦታ እንደወደቀ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። እሱ ግን ሲወድቅም አያፍርም። የወደቀውን አንስቶ፣ አራግፎ፣ «እስከዚህ ድረስ ይዞ ነበር እኮ!» ብሎ ይከራከራል።

እኔ ደግሞ አሮጌ መኪና አለችኝ፤ አጥራችንም አንድ ነው። ስለዚህ መሞከሪያው ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። አንድ እሁድ ጠዋት ባለቤቴ ከመታጠቢያ ቤት «የቧንቧ መምጠጫው ጎማ የት ገባ?» ብላ ጮኸች። ያ ባለእጀታው፣ ቧንቧ ሲደፈን እየተጫንን የምንስበው ጎማ ነው። በመስኮት ብቅ ብል የመኪናዬ ኮፈን ላይ ተጣብቆ ቆሟል። ብቻውን እንኳ አይደለም፤ ከሌሎች ቤቶች የተሰበሰቡ ወንድሞቹም አብረውት ተደርድረዋል። በእነሱ ላይ የመወልወያ እንጨት ተጋድሟል። እንጨቱ ጫፍ ላይ፣ ከመኪናዬ አፍንጫ ራቅ ብሎ፣ በስፖንጅ የተጠቀለለች ካሜራ ተንጠልጥላለች።

«ጎረቤት፣ ና ውጣና ንዳልኝ» አለኝ ክቡር ይይዛል።

«እንዴ! የሽንት ቤት ዕቃ እኮ ነው!»

«አጥቤዋለሁ።»

«እሱን አይደለም የምልህ! ይወድቃል!»

«ይይዛል!»

እስከ መታጠፊያው ያዘ። መታጠፊያው ላይ አንደኛው ጎማ ጷ! ብሎ ለቀቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ካሜራዋ ቁጥቋጦ ውስጥ ተወርውራ ገባች። የዚያን ቀን የተገኘው ፎቶ ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የታጠበ ካልሲ ሲሆን፣ ጥጉ ላይ አንዲት የደነገጠች ድመት አለችበት። «ድመቷን እይልኝማ!» አለኝ፣ ደስታው አላስችለው ብሎ። «እንዲህ ዓይነት ፊት በገንዘብ ይገኛል?»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከመሬት አጠገብ ማንሳት አማረው። የሕፃን ጋሪ ጎማዎች ከየት እንዳመጣ አልጠየቅኩም፤ ባውቅ ምስክር እሆናለሁ ብዬ ነው። የእኛኑ ድስት ላይ ገጠማቸው፤ ካሜራዋን ድስቱ ውስጥ አስተኛት፤ ድስቱን በገመድ መኪናዬ ኋላ አሰረና እየጎተትኩ እንድሄድ ነገረኝ። ድስት እየጎተተ በሚሄድ ሰው ላይ ሰፈር እንዴት እንደሚስቅ የደረሰበት ያውቀዋል። የሰፈራችን ውሻ ግን አልሳቀም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ነገር በመጨረሻ መጣለት። ድስቱን አባርሮ ደረሰበት። የመኪናዬ ፎቶ ጭራሽ አልወጣም። የውሻው ጉሮሮ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ክቡርነታቸው አሳጥበው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል።

ከዚህ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ራሱ ፈተና ነው። ዓይኑ እናንተ ላይ አያርፍም፤ ቤታችሁ ውስጥ ረጅምና ቀጥ ያለ ነገር ሲፈልግ ይዞራል። ትርፍ አንጀቴን ቀዶ ሕክምና ተደርጌ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ሊጠይቀኝ መጣ። ብርቱካን ይዟል፤ ፊቱም እንደ ጠያቂ አዝኗል። ገና ከበሩ ሲገባ ግን ጉሉኮሴ የተሰቀለበትን ባለጎማ ብረት አየው። እንዴት አደርክ ሳይለኝ ወደ ነርሷ ዞሮ «ይሄ ቁመቱ ይስተካከላል?» አላት። እስኪሄድ ድረስ ብረቱን በእጄ ጨብጬ ነው የቆየሁት፤ ቁስሌ እያመመኝ።

አሁን ደግሞ የሙያውን ምስጢር ልንገራችሁ፤ እኔ የሰማሁ ቀን አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ከመንገዳችን ጫፍ ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ አለ፤ ትከሻው በር የሚያክል ሰውዬ። ፒክአፑን አንሳልኝ ብሎ መጣ። ካሜራዋ ከታሰረች በኋላ ነዳጁን ረግጦ እንደ ጥይት ተተኮሰ። ፎቶው የተደፋ ሾርባ መስሎ ወጣ።

«ማን ሩጥ አለህ?» አለው ክቡር ይይዛል ተቆጥቶ።

«የሚሮጥ መኪና ፎቶ አይደል እንዴ?»

«የሚሮጠው ፎቶው ነው! አንተ አርፈህ ተገፋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራዋ ዓይን ለአፍታ ተከፍቶ ይቆያል። ካሜራዋ መኪናው ላይ ስለታሰረች መኪናው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ዛፉና ግድግዳው ግን ወደ ኋላ ስለሚያልፉ ተስበው መስመር ይሆናሉ። ሞተር ከተነሳ እንጨቱ ይንቀጠቀጥና ሁሉም ነገር ይበላሻል። ስለዚህ ሞተሩ ይጠፋል፤ ሰዎች ከኋላ ጎንበስ ብለው፣ ጭንቅላታቸው እንዳይታይ ተደብቀው፣ በቀስታ ይገፋሉ። በኋላ እንጨቱን በኮምፒውተር ከፎቶው ላይ ያጠፋዋል። እነዚያ የሚወነጨፉ የሚመስሉ፣ ልብ ቀጥ የሚያደርጉ መኪኖች በሙሉ፣ ሲነሱ ኤሊ የምትቀድማቸው ነበሩ ማለት ነው! የሰፈራችን ጎልማሳ ሁሉ ወገቡን ይዞ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐኪሞች ግን እስከ ዛሬ አልደረሱበትም።

ጋሽ ሹፌር ወደ ክቡር ይይዛል ቤት የመጡት ሐሙስ ዕለት ነው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ድስቴን ልወስድ ሄጄ። ጋሽ ሹፌር ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተዋል፤ ልጃቸውን ያሳደጉት በዚያችው ታክሲ ነው። ዓይናቸው ግን እየደከመ ሄደና ሐኪሙ ሁለተኛ መሪ እንዳይጨብጡ ከለከላቸው። ታክሲዋ ተሸጠች። ገዢው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሊወስዳት ነው።

«ስማ አንተ ልጅ» አሉት፣ በር ላይ እንደቆሙ። «መኪናዬን ተደግፌ ፎቶ ተነስቻለሁ። በሯን ይዤ ተነስቻለሁ። ስነዳ ግን አንድም ፎቶ የለኝም። ማን ያንሳኝ? የሚያውቀኝ ሰው ቆሞ ነው፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እያለፍኩ ነው።»

ክቡር ይይዛል አንገቱን ሰበር አድርጎ አያቸው። 

«ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ስነዳ ራሴን ልየው» አሉ ጋሽ ሹፌር። አንጀቴን በሉት። ድስቴን ረሳሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎ መንዳት አይችሉም» አላቸው ክቡር ይይዛል።

«አውቃለሁ።»

«ሞተር ማስነሳት ተከልክለዋል።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ!»

«እንግዲያውስ ለእኔ ካሜራ የተፈጠሩ ሹፌር እርስዎ ነዎት!» ብሎ ዘለለ። እጃቸውን ይዞ ሲያሽከረክራቸው፣ ሽማግሌውም ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

የቀረው ልጃቸውን ማሳመን ነበር። ልጃቸው የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። በመንገድ ስታልፍ ትልልቅ ወንዶች ሲጋራቸውን ከኋላቸው ይደብቃሉ። ጎሚስታው መንገዱን ከላይና ከታች በጎማ ቁልል እንደሚዘጋው ቢነግራትም፣ ግንባሯ አልተፈታም።

«ሞተር አይነሳም» አለች። «እኔም ከመኪናዋ አልወርድም። የእጅ ፍሬኑን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«ፎቶው ላይ ይታያሉ እኮ፣ መምህርት» አላት ክቡር ይይዛል፣ ድምፁ ቀጭን ሆኖ።

«እንግዲያውስ አጎነብሳለሁ።»

አጎነበሰችም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህርቷ በሙሉ ልብሷ፣ በከረባቷ፣ ከሹፌሩ አጠገብ ባለው ወንበር ፊት ወለሉ ላይ እጥፍ ብላ ተቀመጠች። ከእሷ የሚታየን የእጅ ፍሬኑን የጨበጠው እጇ ብቻ ነበር።

ማሰሪያው ደግሞ በክቡርነታቸው ታሪክ ታላቁ ሥራ ነው። ጋሼ ከነመኪናቸው ሙሉ ለሙሉ እንዲታዩ ካሜራዋ በጣም መራቅ አለባት። ስለዚህ ሁለት የመጋረጃ ዘንጎች ተቀጣጠሉ፤ የካውያ ጠረጴዛ እግር ድጋፍ ሆነ፤ የሰፈሩ የቧንቧ መምጠጫ በሙሉ ኮፈኑ ላይ ተሰለፈ። የክቡር ይይዛል ባለቤት ልብስ ሰፊ ናት፤ መጋረጃ እቅፍ አድርጋ መጣች። «ዘንጌን ተከትዬ ነው የመጣሁት» አለች። «ከተሰበረ አንተን ነው መስኮቱ ላይ የምሰቅልህ።» ከዚያ መጋረጃውን ግንብ ላይ ጣል አድርጋ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ከኋላ ልትገፋ ተሰለፈች። ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ሊቆጡት ይመጡና ሲገፉለት ያመሻሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። ጋሽ ሹፌር ትንፋሻቸውን ውጠው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ካሜራዋን ትክ ብለው አዩዋት። በሁለተኛው ርዕሰ መምህርቷ «ደረስን?» ብላ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች። በቀጣዩ ዘንጉ ጎበጠ፤ ካሜራዋ መሬቱን ልትልስ ምንም ሳይቀራት ነው የደረስንባት። ይህን ጊዜ ገዢው ከተፍ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ? መኪናዬ ላይ የሽንት ቤት ጎማ?»

«ገና መኪናዬ ናት!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

ገዢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነው። መካኒክ እየጠበቀው ነው። «አንድ ጊዜ ሞክሩ» አለ። «ያዘም አልያዘም ቁልፌን ተቀብዬ እሄዳለሁ።»

ክቡር ይይዛል ዘንጉን እንደገና አጠበቀ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ተጫናቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ፤ አንገቱን ሰበር አደረገ። ሁላችንም ቃሉን ጠበቅን። አልመጣም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው፣ «ይይዝ ይሆን?» አለኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ይህን ሰው መኪናዬ ስትላጥ አይቼዋለሁ፤ ካሜራው ቁጥቋጦ ስትገባ አይቼዋለሁ፤ ውሻ ድስቱን ሲያባርርበት አይቼዋለሁ፤ ሲጠራጠር ግን አይቼው አላውቅም። ዓይኑ መኪናዋ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ላይ ነው። ምን ነካኝ? አላውቅም። ደረቴን መታሁና ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ «ይይዛል!» ብዬ ጮህኩ።

ገፋን። እኔ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጎሚስታው፣ ሁላችንም ጎንበስ ብለን። ገዢው መጀመሪያ ዳር ቆሞ ያየን ነበር። በኋላ ግን «ኧረ እንዲህ አይገፋም! የገዛ መኪናዬን!» ብሎ ኮቱን ጣለና መሃላችን ገባ። ለካ ጉልበት እንደ ጉድ ነው ያለው! ቀስ በሉ ብሎ የሚጮኸውን ክቡር ይይዛልን የሰማው የለም። መንገዳችን ዳቦ ቤቱ አጠገብ ሲደርስ ቁልቁል ያዘነብላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያች ሰዓት ግን ማንም አላስታወሰውም።

ታክሲዋ ከእጃችን ወጣች። እኔ ሙሉ ክብደቴን ጥዬባት ስለነበር (ክብደቴ ደግሞ ቀላል አይደለም) የምደገፈው አጥቼ በደረቴ አቧራው ላይ ተዘረጋሁ። ቀና ስል ታክሲዋ ቁልቁል ትከንፋለች። ክቡር ይይዛል የካሜራዋን ማንሻ ገመድ ጨብጦ፣ ፎቶ እያነሳ፣ አንድ ጫማውን መንገድ ላይ ጥሎ፣ ከጎኗ ይሮጣል።

«አባዬ! ፍሬን!»

«ቆይ ልጄ!»

«አባዬ፣ ልስበው ነው!»

«እጅሽን አንሺ! እየነዳሁ ነው!»

«ጋሼ! ወደ ካሜራዋ እንዳያዩ!» ይጮኻል ክቡር ይይዛል።

«ማን አያት! መንገዴን ነው የማየው!»

ጋሽ ሹፌር ከዓይናቸው ይልቅ መንገዱን የሚያውቁት በመቀመጫቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የወጡት የወረዱት ነው። ክርናቸውን በመስኮት አውጥተው፣ መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በዳቦ ቤቱ በኩል ሽው ብለው አለፉ። ታች የጎሚስታው ጎማዎች ተቆልለዋል። ጋሽ ሹፌር ፍሬኑን ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ አደረጉና፣ ከጎማዎቹ ፊት፣ እርጉዝ ተሳፋሪ እንደሚያወርድ ሰው ቀስ ብለው ቆሙ።

ከዚያ ከወንበሩ ሥር ሳቅ ተሰማ። ርዕሰ መምህርቷ ናት! ወለሉ ላይ እጥፍ እንዳለች፣ ከረባቷ ጆሮዋ ላይ ዞሮ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ትንከተከታለች። እሷ ስትስቅ የሰማ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። «አባዬ፣ አንዴ ድገመው!» ትላለች። ክቡር ይይዛል ሲደርስ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ካሜራዋን ሊፈታ እጁን ሲዘረጋ ግን ዘንጉም፣ ጎማውም፣ የካውያ ጠረጴዛው እግርም ተያይዘው እቅፉ ውስጥ ወደቁ። አቅፏቸው ቆሞ አለቀሰ፤ እኔም ከነአቧራዬ አቀፍኩት።

ጋሽ ሹፌር ወርደው ቁልፉን ለገዢው ሰጡ። የታክሲዋን ጣራ መታ መታ አደረጉ። «ጠዋት ጠዋት ሞተሯን አትቸኩልባት» አሉት። ኮፈኗ ላይ ክብ ክብ የጎማ ምልክት እንዳለባት ሄደች።

ፎቶው እንዴት ሆነ? ልቤ ቀጥ ነው ያለችው። መንገዱ ተስቦ የብርሃን ክር ሆኗል፤ ጎማዎቹ ጭስ መስለዋል። ጋሽ ሹፌር ክርናቸውን በመስኮት አውጥተው፣ አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ዘንጉ የለም፤ ገመዱ የለም። ከታክሲዋ ኋላ ግን፣ ዝቅ ብሎ፣ ቡናማ ነገር ቦለል ብሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አንተ ነህ።»

«ታዲያ አጥፋኝ እንጂ! ዘንጉን አጥፍተህ የለ?»

«አብደሃል? ያንን አቧራ ካጠፋሁት እኮ መኪናዋ ቆመች ማለት ነው! እንደዚያ አድርገህ ባትወድቅ ኖሮ ማን ፍጥነቱን ያምን ነበር?»

ይኸውላችሁ፣ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ተናገርኩት፣ ወጣልኝ። አሁንም መጥረጊያዬን ይሰርቃል፤ በተገናኘን ቁጥር እቆጣዋለሁ። ሳይሰርቀኝ ሲዘገይ ግን ታሞ ይሆን ብዬ አጥር ላይ ተንጠራርቼ አየዋለሁ።

ጋሽ ሹፌር ፎቶውን ኮታቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። ከዳቦ ቤቱ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡና፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሳይጠይቃቸው ያሳዩታል። ባለፈው ሳልፍ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ይዘው ነበር። ፎቶውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፤ ከዚያ ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ሳያዩት፣ በጣታቸው እየነኩ ያስረዱት ጀመር።

«ይሄ እኔ ነኝ» አሉት። «ይቺ መኪናዬ ናት። እዚህ ታች ልጄ አለች፤ አትታይም እንጂ እየሳቀች ነው። ይሄ አቧራ ደግሞ ጎረቤታችን ነው።»

ሰውየው ቀና ሲል ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አላስቻለኝም፤ ቆምኩ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።